የማይነጋገሩ መጻሕፍት

ቤቴ ካሉት የመጻሕፍት መደርደሪያዎች አንዱ፣ ከመስኮቱ በስተግራ የቆመው፣ የ«ያ ዘመን» መደርደሪያ ነው። የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»፣ የአንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»፣ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»፣ የፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»፣ የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ»፤ በነዚህ መካከል ደግሞ ከጥቂት ሰው በቀር የማያውቃቸው፣ ደራሲዎቻቸው ከጡረታ ገንዘባቸው ቀንሰው ያሳተሟቸው ሦስት አራት ቀጫጭን ትዝታዎች። የደረደርኳቸው በቁመታቸው ነው። መጽሐፍን በቁመት መደርደር የሰነፍ አንባቢ ልማድ ነው ይላሉ። ይበሉ።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን አንድ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡና፣ ቡናው እስኪፈላ መነጽራቸውን አድርገው መደርደሪያውን ይቃኙ ጀመር። ጋሼ (እዚህ ላይ ስማቸውን አላነሣም) በ1969 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ጣታቸው በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ «ያ ትውልድ» እና «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ጎን ለጎን ከቆሙበት ሲደርስ ቆመ።

«እነዚህን ደግሞ እንዴት አጠጋግተህ ታስቀምጣቸዋለህ?» አሉኝ።

«ቁመታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ነው፣ ጋሼ።»

አልሳቁም። ሁለተኛውን መጽሐፍ መዘዝ አድርገው አወጡና በመደርደሪያው ሌላ ጫፍ፣ ከመዝገበ ቃላቱ አጠገብ ሸጎጡት። ከዚያ ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀውን ሄዱ። እኔም መጽሐፉን ወደ ቦታው ሳልመልሰው ሰነበትኩ። ይህን ጽሑፍ መጻፍ የጀመርኩት፣ እንግዲህ፣ ያን ዕለት ማታ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ 1966ቱ አብዮትና ስለተከተለው እልቂት የተጻፉ የአማርኛ መጻሕፍት በርካታ ናቸው። ማተሚያ ቤቶቻችን ሌላ ነገር ሲጠፋባቸው እንኳ ይህ አልጠፋባቸውም። ስለ መጻሕፍቱ የተጻፈው ሂስ ግን፣ ደፍሬ ልናገርና፣ ሂስ አይደለም። መኢሶን የጻፈውን መኢሶን የነበረ ያወድሰዋል፣ ኢሕአፓ የነበረ ያብጠለጥለዋል፤ የደርግ ሰው ሲጽፍ ደግሞ ሁለቱ ለጊዜው ይስማሙና በአንድነት ይወርዱበታል። የምረቃው ሥነ ሥርዓትም እንዲያው ነው። በአዳራሹ የሚታደመው አንድ ወገን ነው፤ የሚያለቅሰውም የሚያጨበጭበውም አንድ ወገን ነው። መጽሐፉ ከአዳራሹ ሲወጣ ወደ ሌላው ወገን ቤት አይገባም፤ ቢገባም ለማጣቀሻ እንጂ ለንባብ አይደለም።

እኔም ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ አይደለሁም። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ጋዜጣ ላይ መጻፍ በጀመርኩበት ሰሞን፣ የአንድ የቀድሞ ባለ ሥልጣን ትዝታ እንድገመግም ተሰጠኝ። መጽሐፉ ከአራት መቶ ገጽ በላይ ነበር። መቶውን ያህል አነበብኩ፤ ከማውጫው ደግሞ ያናድዱኛል ብዬ ያሰብኳቸውን ሁለት ምዕራፎች መርጬ ገለጥኩ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አምዱን በአንድ ሌሊት ሞላሁት። «የገዳይ ጠበቃ» የሚል ሐረግ ነበረበት። ሐረጓን ወድጃት ነበር። ወዳጆቼ እየደወሉ «አንጀታችንን አራስከው» አሉኝ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ አዛውንት ከአጠገቤ ያለችውን ባዶ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ሻይ የሚያዞረውን ልጅ አስቁመው አንዱን ብርጭቆ ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው አነሡ። ከዚያ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ» አሉኝ። ያኔ ነው ማንነታቸው የገባኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጽሐፌን እስከ ስንተኛው ገጽ አነበብከው?»

«ጨርሼዋለሁ» አልኩ። ዋሸሁ።

«እንዲያ ከሆነማ መጨረሻው ላይ የጻፍኩትን ይቅርታ ምነው ዘለልከው?»

ቤቴ ስገባ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥኩት። ይቅርታው አለ። ገጽ ተኩል ይሆናል። ሙሉ ይቅርታ አይደለም፤ «ከሆነ» የምትል ቃል ሦስት ጊዜ ገብታበታለች፤ በደል ደርሶ ከሆነ፣ አጥፍተን ከሆነ፣ የተከፋ ካለ ዓይነት። እንደ ሐያሲ ብጽፈው ኖሮ «ይህ ይቅርታ በ‹ከሆነ› የተሸነቆረ ነው» ብዬ በተገቢው መንገድ ልወቅሰው እችል ነበር። ያንን ለማለት ግን ማንበብ ነበረብኝ።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንመለስ። ሽፋናቸውን ብቻ እንኳ ብናይ አርእስቶቹ ብዙ ይናገራሉ። «ትግላችን»፤ «እኛና አብዮቱ»፤ ባለቤቱ «እኛ» ነው። «እኛ» በአማርኛ ሞቅ ያለች ቃል ናት፤ ከብርድም ከተጠያቂነትም ታስጠልላለች። «ያ ትውልድ» ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ጸሐፊው ራሳቸው ከአመራሩ አንዱ ሆነው ሳለ ትውልዱ ግን እዚያ ማዶ ይቆማል፤ «ያ» ይባላል። ከተሰለፉት የድርጅትና የመንግሥት መሪዎች መጻሕፍት «የኔ» የምትል ቅጥያ አርእስቱ ላይ ያለችበት «አብዮቱና ትዝታዬ» ነው፤ እዚያም ቢሆን አብዮቱ የጋራ፣ ትዝታው ብቻ የግል ነው። ይህን የምለው ለቃል ጨዋታ አይደለም። ገጾቹ ውስጥም ይኸው ነው። አንድ ሰው ሲገደል ግሡ ተደራጊ ይሆናል፤ «ተወሰደ»፣ «ተደረገ»፣ «ተመታ»። ማን ወሰደው? ማን መታው? የአማርኛ ግሥ አድራጊውን በሆዱ ይዞ የመሄድ ብርቅ ችሎታ አለው፤ የትዝታ ጸሐፊዎቻችን ይህን ችሎታውን ተጠቅመው አድራጊውን ከሆዱ አውጥተውታል።

የነዚህን መጻሕፍት ሁሉ ስፌት ብትተረትሩት ደግሞ ከውስጡ አንድ ጥያቄ ታገኛላችሁ፤ «ማን ጀመረው?» እያንዳንዱ ወገን ሰዓቱን የሚሞላው ከየት እንደሆነ ልብ በሉ። የደርግ ሰዎች ሰዓት በአብዛኛው መቁጠር የሚጀምረው በመስከረም 1969 ነው፤ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግ፣ ብዙም ሳይቆይ ከመኢሶን መሪዎች አንዱ የነበረው ፍቅሬ መርዕድ ሲገደል። «ነጭ ሽብር» ይሉታል። የኢሕአፓ ወገን ሰዓት ቀደም ይላል፤ የቀድሞዎቹ ባለ ሥልጣናት በኅዳር 1967 ያለ ፍርድ ከተረሸኑበት ሌሊት፣ በመስከረም 1968 ወረቀት በበተኑ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ከተተኮሰው ጥይት ይነሣል። የመኢሶን ሰዓት ደግሞ ዘግይቶ የሚጮኸው በነሐሴ 1969 ነው፤ ድርጅቱ ራሱ ከደርግ ተጣልቶ ኅቡዕ ሲገባ፣ ትናንት አብሮት የነበረው መንግሥት ዛሬ ሲያድነው። ሦስቱም ሰዓቶች የሚቆጥሩት እውነተኛ ደቂቃ ነው። ማንም የሌለ ቀን አልፈጠረም። ችግሩ አንዱ ቤት ውስጥ ያለው ሰዓት ሌላው ቤት ውስጥ አይሰማም።

በዚህ ረገድ ብዙ ሰው በናፍቆት የሚያነሣው አንድ ነገር አለ፤ በ1968 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ላይ በ«አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ የተካሄደው ክርክር። የኢሕአፓና የመኢሶን ሰዎች በብዕር ስም እየጻፉ፣ ዴሞክራሲ ለማን ነው፣ ያለ ገደብ ነው ወይስ ለጭቁኖች ብቻ ነው፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ወይስ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ይሰጥ እያሉ ተከራከሩ። «ያ ክርክር ቢቀጥል ኖሮ» የሚሉ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ጥይት ከመጣ በኋላ ቀለም ቢናፈቅ አያስገርምም። በመንግሥት ጋዜጣ ላይ እንዲህ ያለ ሙግት መካሄዱ በራሱ ብርቅ ነበር፤ ይህን አልክድም።

በበኩሌ ግን ናፍቆቱን ሙሉ በሙሉ አልጋራም። ተከራካሪዎቹ እኮ የማይተዋወቁ ሰዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያደጉ፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው አብረው የጮኹ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ የተዋዋሱ ነበሩ። ልዩነታቸውን ዛሬ ለአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ማስረዳት ራሱ ከባድ ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ «ታዲያ ለምን ተገዳደሉ?» ብሎኛል። ነገር ግን ክርክሩ ላይ ሰው አልነበረም። የብዕር ስም ከብዕር ስም ጋር፣ ከሌኒን የተወሰደ ጥቅስ ከሌኒን ከተወሰደ ጥቅስ ጋር ነበር የሚታገለው። ባላንጣህን «አንተ እኮ ትናንት እቤቴ ምሳ የበላህ ሰው ነህ» ልትለው አትችልም፤ ስም የለውማ። እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚጠናቀቀው ደግሞ በስያሜ ነው። ያ ቀለም እንዴት ወደ ደም ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስያሜዎቹን ተከትሎ ይሂድ፤ ከጋዜጣው ዓምድ ወደ ቀበሌ ስብሰባ፣ ከቀበሌ ስብሰባ ወደ ስም ዝርዝር።

ስያሜ የማውጣት ጥበባችን ደግሞ ከአብዮቱ የቆየ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ። ይህን ስም ስትሰሙ ብዙዎቻችሁ ለአፍታ ግር ይላችሁ ይሆናል፤ «ጉዱ ካሣ» ብል ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚያ ሁሉ ልብ ወለድ ውስጥ የካሣን ሐሳብ በሐሳብ የሚገጥም አንድም መኳንንት የለም። አያስፈልጋቸውም። «ጉዱ» ብለውታል፤ በቃ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ የጉድ ንግግር ነው፤ ጉድን የሚከራከር ደግሞ ራሱ ጉድ ነው። ሐዲስ ይህን ሲጽፉ ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት ነበር የሚያስቡት፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ ግን ዘዴው ለአፍራሾቹ በውርስ ተላለፈ። «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት»፣ «ፋሺስት»፣ «በራዥ»፣ «ባንዳ»። ከነዚህ ሁሉ «ባንዳ» ታሪኳ ያስቀኛል፣ ያሳዝነኛልም። ከጣልያን ጋር ገብታ፣ ለጣልያን ያደሩ ወታደሮች መጠሪያ ሆና፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ እዚሁ ቀርታ ሥራ አላጣችም፤ ማንም ማንንም ይላታል። በቅርብ ዓመታትም አዳዲስ እኅቶች መጥተውላታል፤ እናንተም እኔም ስለምናውቃቸው አልዘረዝራቸውም።

የስያሜ አሠራር ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው ግን ጠላት ላይ ሳይሆን ወዳጅ ላይ ሲለጠፍ ነው። ለዚህ ነው የሕይወት ተፈራን መጽሐፍ ከሌሎቹ ለይቼ የማየው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሕይወት የኢሕአፓ አባል ነበረች። የምትወደው ሰው፣ ጌታቸው ማሩ፣ የዚያው ድርጅት ሰው ነበር። ጌታቸው በከተማ የሚካሄደውን የትጥቅ ትግል ተቃወመ። ድርጅቱም ስም አወጣለት፤ «አንጃ»። አንጃ ማለት እንግዲህ ከመካከላችን ሆኖ «እስቲ ቆም ብለን እናስብ» ያለ ሰው ማለት ነው። ድርጅቱ ያዘው፤ በ1969 ዓ.ም. በድርጅቱ እጅ ተገደለ። የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበረው ብርሃነ መስቀል ረዳም «አንጃ» ተብሎ ነው የተገፋው፤ እሱን በኋላ ደርግ ያዘውና ገደለው። አንድን ሰው ሁለቱም ወገን ሲፈልገው፣ ከወገኖቹ አንዱም የተናገረውን አልሰማም ማለት ነው።

ሕይወት ታሪኩን የምትተርከው በ«እኔ» ነው። ያኔ ምን እንዳመነች፣ ለምን እንዳመነች፣ የምትወደው ሰው በድርጅቷ እየተገፋ ሳለ በድርጅቷና በሰውየው መካከል እንዴት እንደተወጠረች ትጠይቃለች፤ የምትጠይቀውም ራሷን ነው። ስምንት ዓመት ታስራለች፤ ስለ ደርግ የምታማርረው አጥታ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ወገን ሰው የራሱን ወገን ሲጠይቅ ሌላው ወገን ጆሮውን ያቀናል። ጋሼ ቤት እንኳ፣ ከመኢሶን ደጋፊ ወዳጆቼም ዘንድ እንኳ፣ ይህን መጽሐፍ አይቻለሁ። በትረካው መርዘም የሚማረር ይማረር፤ እኔም አንዳንድ ቦታ ተማርሬያለሁ።

ልብ ወለድም ይህን ቀድሞ አድርጎታል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በመንግሥት ዘመቻ ውስጥ ያለ ጋዜጠኛና ከማዶው ወገን ጋር የተሳሰረች የአሥመራ ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣል። ፀጋዬና ፊያሜታ ይዋደዳሉ፣ ይዋሻሻሉ፣ ይነጋገራሉ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ በዓሉም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚህ በላይ ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ተብሏል፤ አልፈዋለሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ከበዓሉ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። እኛ ሰፈር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። በ1969 ዓ.ም. የመኢሶን ደጋፊ ሆነው በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ይሠሩ ነበር፤ መኢሶን ኅቡዕ ሲገባ እሳቸውም ተይዘው ስድስት ዓመት ታስረዋል። ለጋሼ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»ን፣ ለመምህሩ «ያ ትውልድ»ን ላውሳቸውና፣ ካነበቡ በኋላ እኔ ቤት ቡና እንዲጠጡ ልለምናቸው አሰብኩ። መምህሩ ወዲያው እሺ አሉ። ጋሼ ሁለት ወር ፈጀባቸው። በመጨረሻ «መጽሐፉን አነባለሁ፤ ሰውየውን ግን ለማነጋገር ቃል አልገባም» አሉና ወሰዱት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከአቦል አላለፈም። ሁለቱም «እርስዎ» ይባባሉ ነበር፤ በአማርኛ «እርስዎ» አክብሮት ብቻ አይደለም፣ አጥርም ነው። መምህሩ ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ፣ ያለ ክፋት፣ ከልማድ ብዛት፣ «እርምጃ የተወሰደባቸው ወጣቶች» አሉ።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ወንድሜ እርምጃ አልተወሰደበትም። ተገደለ።»

«የእኛንም የቀበሌ ሊቀ መንበር ልጆቹ እያዩ በሩ ላይ ነው የገደሉት። እናንተም ‹እርምጃ› ነበር ያላችሁት።»

«‹እናንተ› ማን ነው? እኔ ማንን ገደልኩ?»

ጋሼ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ቀረ። ባለቤቴ ረከቦቱን እያነሣች «መጽሐፍ አዋሱ እንጂ ሰው አታዋሱ» አለችኝ።

ያን ሳምንት ትዝ ያለኝ አንድ የጥንት ነገር ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይሄዱ ነበር። «ቁራኛ» ይሉታል። ባላጋራህ ሲቀመጥ ትቀመጣለህ፣ ሲነሣ ትነሣለህ፤ ጥሎህ ሊሄድ አይችልም፣ ጥለኸው ልትሄድ አትችልም። ሙግቱም ሥርዓት ነበረው፤ «ተጠየቅ» ይባባላሉ፣ በቅኔ በተረት ይሰናዘራሉ፣ ዳኛው ደግሞ ከመንገድ የተለመነ አላፊ አግዳሚ ሊሆን ይችላል። ያንን ዘመን ገነት ነበር አልልም፤ የጉቦውን፣ የጌታና የሎሌውን ጉድ እናውቃለን። ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ የተቃራኒህን ቃል ሳትሰማ መርታት አይቻልም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የብሔራዊ ምክክር ኮሚሽን ሲቋቋም፣ ብዙዎቻችን ሸንጎና ሽምግልና እያልን ስንጽፍ ሰንብተናል፤ እኔ ግን አሁን የማወራው ስለ አዳራሽ ሳይሆን ስለ ሳሎን ነው።

ለሁለተኛው ቅዳሜ ሁለት ነገር ለመንኳቸው። አንደኛ፣ «እርምጃ»፣ «ባንዳ»፣ «አናርኪስት»፣ «ፋሺስት» የሚሉት ቃላት ከእኔ በር ውጭ ይቆዩ። ሁለተኛ፣ አንዱ ከመመለሱ በፊት ሌላው ያለውን በራሱ አንደበት ይድገምለት፤ ባለቤቱ «አዎ፣ ይኸን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ። ጋሼ «የሕፃን ጨዋታ» አሉ። ሆኖም ተቀመጡ።

ጨዋታው ግን የሕፃን አልነበረም። ጋሼ ስለ ወንድማቸው አወሩ፤ በምን ሰዓት ከቤት እንደወሰዱት፣ እናታቸው ጋቢ ይዛ እንዴት እንደተከተለች። መምህሩ ሊደግሙት ሞከሩ። «ወንድምዎ በጸጥታ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር...» ሲሉ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ራስ ተነቀነቀ። በአራተኛው ላይ መምህሩ ለአፍታ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሰዎች መጥተው ወንድምህን ወሰዱት፤ እናትህ ብርድ እንዳይመታው ጋቢ ይዛ ሮጠች» አሉ።

«አዎ» አሉ ጋሼ። «ይኸን ነው ያልኩት።»

«ወንድምዎ» የነበረው «ወንድምህ» መሆኑን ሁለቱም ያስተዋሉት አይመስለኝም። እኔ ግን ጻፍኩት። አማርኛ «አንተ»ን ለስድብም ለወዳጅነትም ነው የሚያስቀምጠው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ድምፁ ነው።

ከዚያ ተራው የመምህሩ ሆነ። ስለ ሊቀ መንበራቸው፣ ስለ ስድስት ዓመት እስራቸው፣ እስር ቤት ውስጥ የኢሕአፓና የመኢሶን እስረኞች በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ለብቻ ለብቻ ይበሉ እንደነበር ነገሩ። ጋሼ በሁለተኛው ሙከራ ደገሙት፤ ሊቀ መንበሩ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ቀነሰ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ስለ መጻሕፍቱ ተነጋገርን፤ እውነተኛ ሂስ ያን ዕለት ሰማሁ። መምህሩ፣ ክፍሉ ታደሰ ስለ ድርጅቱ ስብሰባና መዋቅር የሰጡትን ዝርዝር አደነቁ፤ ከታች ያለው ልጅ፣ ወረቀት በታኙ ግን በዝርዝሩ መካከል ጠፋብኝ አሉ። ጋሼ ደግሞ አንዳርጋቸው አሰግድ ሰነድ ላይ መደገፋቸው ጥሩ ነው፣ ሰነድ ግን የቀበሌውን እስር ቤት አያውቀውም አሉ። ሁለቱም፣ ሳይመካከሩ፣ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ መጻሕፍቱ ያሉት ላይ፣ መሪዎች ዘንድ ናቸው፤ እኛ ታች ነበርን። እኔ መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ይዤ ስንት ጊዜ ሳነብ ይህ አልታየኝም ነበር።

ሊነሡ ሲሉ ነው መምህሩ ያንን ነገር የተናገሩት። ዓይናቸውን ከረከቦቱ ላይ ሳያነሡ ነበር። «ያኔ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የስም ዝርዝር እጽፍ ነበር። ንባቡ የሌላ ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው። በእናንተ ቀበሌ አልነበርኩም። ግን ዝርዝሩ ከቀበሌ ቀበሌ ይሄዳል፤ የወንድምህ ስም በእጄ አልፎ ይሁን አይሁን አላውቅም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይነሣሉ ብዬ ኮታቸው የተሰቀለበትን አየሁ። እሳቸው ግን ባዶ ሲኒያቸውን ወደ ባለቤቴ አቀረቡ፤ ያን ዕለት በረካው ድረስ ተቀዳ። ይቅርታ የሚል ቃል ማንም አልተናገረም። ሲወጡ ተጨባብጠዋል፤ አልተሳሳሙም። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተገናኝተዋል፤ በአንደኛው ጊዜ ስለ 1968ቱ ክርክር ተነሥቶ ክፉኛ ተጣልተው ነው የተለያዩት።

ባለፈው ወር ጋሼ መጽሐፉን መለሱልኝ። መጽሐፌ ላይ በእርሳስ መጻፋቸውን ቀድመው ሳይነግሩኝ ነው የሰጡኝ። ማታ ገጾቹን ሳገላብጥ ቆጠርኩት፤ በኅዳጉ ላይ አሥራ አንድ ቦታ «ውሸት» ይላል፤ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ከአንድ አንቀጽ ጎን፣ በደቃቅ ጽሑፍ «ይህስ እውነት ነው» ይላል። መጽሐፉን ወስጄ ከ«ያ ትውልድ» አጠገብ፣ ከቀድሞ ቦታው መለስኩት።